የኖቫክን ሰባት ቤት ለመቁጠር ዴንቨር ድረስ

ከዴንቨር ከተመለስኩ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ተራራው ነው። አዎ፣ ተራራ አለ። በሐምሌም ጫፉ ላይ በረዶ አይጠፋም። ያየሁት ግን ከመኪና መስኮት ነው፤ የሄድኩት ለተራራ አልነበረምና። የሄድኩት የአንድ የፖላንድ ቤተሰብ ሰባት ቤት ለመቁጠር ነው። ይህን ስናገር ሰዉ ስለሚስቅብኝ ነገሩን ከመነሻው፣ ቀን በቀን ጽፌዋለሁ። የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ቅደም ተከተል እወዳለሁ።

በቅድሚያ ምክንያቱ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ምትኩ ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ተሰደው ኮሎራዶ የገቡ ሰው ናቸው። መታወቂያቸው ላይ ምትኩ ኖቫክ ይላል። ኖቫክ የፖላንዶች ስም ነው፤ እንዴት የእሳቸው እንደሆነ በቦታው እነግራችኋለሁ። ልጃቸው ሣራ ኖቫክ እዚያው ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ዘንድሮ ለማግባት ቀን ቆረጠች። ሙሽራው ኬቨን ፈረንጅ ነው፤ ሆኖም ተጠምቆ፣ ረቡዕና ዓርብን ከእኔ በተሻለ የሚጾም ጨዋ ልጅ ነው። አንድ እንከን ብቻ ተገኘበት፤ የእሱም ስም ኖቫክ ነው።

ጋሽ ምትኩ ካርዱ ሊታተም ሲል ይህን አዩና «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልድርም» አሉ። በእኛ ደንብ ሙሽሮች እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና እንደሌላቸው መረጋገጥ አለበት። ቆጣሪ ሲፈለግ ደግሞ በየዓመቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ሰባት ቤታቸውን ማኒላ ወረቀት ላይ የማስጽፍ እኔ ተገኘሁ። ቲኬቱን የቆረጠችልኝ ሣራ ናት። በስልክ በቁልምጫ ስሜ ጠርታ ያለችኝም ይህን ብቻ ነው፦ «ትጂ፣ ፕሊስ፣ ቶሎ ቁጠሪ። አዳራሹን ቡክ አድርገናል።»

ቅዳሜና እሑድ፤ መንገድ

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግሬ ዋሽንግተን፣ ከዚያ ዴንቨር። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ በርበሬና ሽሮ ነበር። በብብቴ ደግሞ የተጠቀለለ ማኒላ ወረቀት ይዣለሁ። በርበሬው ያስይዘኛል ብዬ ስፈራ የአሜሪካው ፈታሽ ዝም ብሎ አሳለፈው፤ ያስጨነቀው ባዶው ወረቀት ነው። ዘርግቶ አየው፣ ገልብጦ አየው።

«ምን ይጻፍበታል?»

«ሰዎች» አልኩ በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛዬ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እስካሁን አላወቅኋቸውም። አብዛኞቹ ሞተዋል።»

ይህን ከመለስኩ በኋላ አለቃው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አለቃው ግን እናቱ የዘር ሐረግ የምታጠና ሴት ሆና ተገኘች፤ ወረቀቱን ራሱ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ።

ዴንቨር ስደርስ ጋሽ ምትኩ «ኖቫክ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ከፍ አድርገው ቆመዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለነበር እንዳልስታቸው ብለው ነው። ከአጠገባቸው ግን ከረባት ያሰረ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ከነቦርሳው ቆሟል።

«መምህርት፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ይኼ ሰውዬ እኔ ነኝ ይላል።»

ሰውየው በእርግጥም ኖቫክ ነበር። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ለስብሰባ መጥቶ፣ ሾፌር የተላከለት መስሎታል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆማችሁ «አበበ!» ብትሉ አምስት ሰው ይዞራል፤ መኪናችሁ ውስጥ የሚገባ ግን የለም። ይህኛው ገባ። ጋሽ ምትኩ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው በመሆናቸው ሰው ሲገባ ሞተር ያስነሳሉ።

«ከየት ነህ?» አሉት በመስታወቱ እያዩት።

«ከቺካጎ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ዲትሮይት ነበርኩ።»

«አባቶችህን ማለቴ ነው!»

ሰውየው ከአያቱ በላይ አያውቅም። ጋሽ ምትኩ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «በእኔ ዘር እንዲህ ያለ ሰው!» ብለው አዘኑ። መሀል ከተማ ሆቴሉ ድረስ ወስደው፣ ሒሳብ ስንት ነው ቢላቸው ተቆጡት። በሒሳቡ ፋንታ የሰርጉን ካርድ ናሙና ሰጡት። ካርዱ ላይ የሙሽሮቹ ስም ገና ክፍት ነበር፤ ቆጠራው ስላላለቀ።

ሰኞ፤ ፒዮሪያ ስትሪት

ቤታቸው አውሮራ ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ነው። የተሰጠኝ ክፍል ከመሬት በታች ነው። መስኮቱ ከሣሩ እኩል ስለሆነ ጠዋት ስነቃ አንዲት ጥንቸል አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታየኛለች። እኛ ጋ እንግዳን የሚጎበኝ ጎረቤት ነው። እዚህ ጎረቤት የተባለ ሰው በቆየሁበት ሳምንት ያየሁት አንድ ጊዜ፣ እሱም መኪና ውስጥ ሆኖ ነው። ጥንቸሏ ግን በየማለዳው አልቀረችም።

የጋሽ ምትኩ ባለቤት እትዬ አስካለ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞሩ ይንከባከባሉ። ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ቬንትሌተር አንድ ላይ አስታቀፉኝ። «ሲበርድሽም ሲሞቅሽም» አሉ። «ደግሞ ስለዚህ ኖቫክ ስለሚሉት ነገር እኔን እንዳትጠይቂኝ። እኔ አስካለ ይመር ነኝ። ከሱ ጋር ስጋባ አባቱ አያሌው ነበሩ። ሱዳን ለጊዜው ተለያይተን፣ እዚህ ተከትዬው ብመጣ አባት ቀይሮ ጠበቀኝ።»

ቁርስ ላይ ጋሽ ምትኩ ታሪኩን ነገሩኝ። ዴንቨር ሲገቡ የተቀበላቸው ስታሽ ኖቫክ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንድ ልጁም የሞተበት ሽማግሌ። ስምህ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልጅ ሞቶ ቀጥሎ ለሚወለድ የሚወጣ ስም መሆኑን ነገሩት። ስታሽ ያን ክረምት ጫማ ገዛላቸው፣ መንዳት አስተማራቸው፣ ሲታመሙ ሾርባ እየሠራ አጠጣቸው።

«እንዲህ ላደረገ ሰው ምን ይደረጋል?» አሉኝ ጋሽ ምትኩ። «እንግሊዝኛዬ ለምስጋና አይበቃም። የማውቀው የአገሬን ደንብ ነው።»

ደንቡን ለማታውቁ ላስረዳ። ሰው የወለደው ያልሆነን አባት ሲያደርግ፣ አባት የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፤ ልጅ የሚሆነው በምስክር ፊት ይጠባዋል። ከዚያ በኋላ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው። ከሥጋ ልጅ አይለይም፤ ጋብቻም ይከለክላል። ጋሽ ምትኩ ከሱቅ በድብ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማር ገዝተው፣ ሆዱን ጨምቀው የስታሽን ጣት ቀብተው ጠቡ። ከምስክሮቹ አንዱ አብሯቸው የተሰደደ ጎንደሬ ነበር፤ ሁለተኛው ደብዳቤ ሊያደርስ የመጣው ፖስተኛ። ስታሽ መጀመሪያ ምትኩ ያበደ መስሎት ጣቱን ሊነጥቅ ታገለ። ነገሩ ሲገባው አለቀሰ። በነጋታው ፍርድ ቤት ወስዶ ስሙን ሰጣቸው።

«እስካሁን የፖላንዶች ማኅበር በየዓመቱ ለጭፈራ ይጠራኛል» አሉ። «እሄዳለሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ጭፈራውን እችለዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲህ ፍረጂኝ። ማሩ ጨዋታ ነበር ካልኩ አባቴን ካድኩ። እውነት ነው ካልኩ፣ ኬቨን የስታሽ ዘመድ ከሆነ፣ ልጄ ወንድሟን ልታገባ ነው።»

ሣራ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ዳዲ፣ አይ ላቭ ዩ፣ ግን እኔ ኖ ሃኒ በላሁ!» አለች። ጋሽ ምትኩም «አባትሽ በልቷል» ብለው ዘጉ።

ማክሰኞ፤ ሴንትራል ፓርክ

ኬቨን የሚኖረው ሴንትራል ፓርክ ነው። የድሮው አየር ማረፊያ እዚያ ነበር፤ አሁን መንደር ሆኗል። ጋሽ ምትኩ መኪናቸውን ፓርክ አደረጉና አንድ የማናውቀው ሰው አትክልት መሀል ቆመው «አውሮፕላኔ የቆመችው እዚህ ጋ ነው» አሉኝ። ባለቤቲቱ ወጥታ ስታይ ይህንኑ ነገሯት። ውኃ አጠጣችን። እኛ ጋ አያቶቻችን ያረፉበትን ቦታ እናሳያለን፤ እዚህ አውሮፕላን ያረፈበት ይታያል።

ኬቨን አሳንሰር ይጠግናል። ቤቱ ስንገባ እንደ ተፈታኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ ጠበቀን። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

«ጀምር» አሉት ጋሽ ምትኩ።

«ኬቨን» አለ። «ኬቨን ሮበርት። ሮበርት ጆርጅ።» ግንባሩን ላብ አወዛው።

«ሦስት!» አሉ ጋሽ ምትኩ። «የኛ አገር ልጅ ከብት ሲያግድ ሰባቱን ይወጣል።»

የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ፊት አውቃለሁ። አሳዘነኝ። «አያቴ ዋንዳ ታውቃለች» አለ ኬቨን። «ነገ እወስዳችኋለሁ።»

ማታ የስታሽን አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ከሣጥን አወጣን። መጀመሪያ ገጹ ላይ ልደትና ሞት ተጽፏል። ስታሽ የዩዜፍ ልጅ፣ ዩዜፍ የያንና የብሮኒያ ልጅ። ያን የሚባለው ከፖላንድ መጥቶ ዴንቨር ማዕድን ማቅለጫ ውስጥ የሠራው፣ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው ነው። እኔም አገሬ ሳለሁ ያነበብኩትን አስረዳሁ። ኖቫክ ማለት አዲስ መጤ ማለት ነው። ፖላንድ ውስጥ ከዚህ የሚበዛ ስም የለም። ምክንያቱም በየመንደሩ በመጨረሻ የመጣ ሰው ነበር፤ በየመንደሩ «ያ መጤው» ይባል ነበር። እኛ መጤን በሐሜት እንጠራዋለን፤ እነሱ መዝገብ ላይ ጻፉት። ስለዚህ የስም መመሳሰል ዝምድና አያሳይም፤ መምጣትን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ጋሽ ምትኩ ጉልበታቸውን መቱ። «በዚህ ሁሉ ኖቫክ መሀል በትክክል ኖቫክ የሆንኩት እኔ ነኛ!»

ያን ሌሊት ሁላችንም በሰላም ተኛን። የኬቨን ሰዎች ከሌላ መንደር ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ረቡዕ፤ የእማማ ዋንዳ ቤት

እማማ ዋንዳ የኬቨን የአባቱ እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ነው። የሚኖሩት ሰሜን ዴንቨር፣ ማቅለጫው በነበረበት ሰፈር፣ ወለሉ በሚንቋቋ ትንሽ ቤት ነው። ጋሽ ምትኩ፣ ሣራ፣ ኬቨንና እኔ ገባን። ጠረጴዛው ሞልቶ ጠበቀን፤ አይብ የተሞላ፣ ቅቤ የፈሰሰበት እንደ ሳምቡሳ ያለ ነገር፣ ቋሊማ፣ ኬክ። ቀኑ ረቡዕ ነው። አራታችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን።

«አትበሉም?» አሉ እማማ ዋንዳ።

«ጾም ነው» አለ ኬቨን።

«በረቡዕ? እኛ ዓርብ ነው የምናውቀው። የማንን አምላክ ነው ያስቀየማችሁት?» ብለው ተነሱ። የእኛ አገር ባለቤት ቢሆን እስኪማለድ ያኮርፋል። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው ሥጋም ወተትም የሌለበት የቀይ ሥር ሾርባ ይዘው መጡ። ቀይ ሥር እኔ ጓሮ በቅሎ ሰላጣ ሲሆን ነው የማውቀው፤ እንዲህ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ለሻይ የሚሆን ማርም አስቀመጡ። ጠርሙሱ ድብ ነው። ጋሽ ምትኩ አዩትና ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ይህች ሾርባ» አሉ እማማ ዋንዳ፣ «የባሌን አባት ኖቫክ ያደረገችው ናት።»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«አማቼ ሲወለድ ኖቫክ አልነበረም» ብለው ቀጠሉ። «የድሮ ስሙን እኔም አላውቅ። ረዥም ነበር አሉ። ብቻውን፣ ርቦት መጣ። ለሠራተኞች ቤት የምታከራይ አንዲት ሴት አስገብታ ይህችን ሾርባ ሰጠችው። በነጋታው ማቅለጫው ሥራ ሊገባ ሲል ጸሐፊው ስሙን መጻፍ አቃተው። የት ነው የምትኖር አለው። ኖቫኮች ቤት። ኖቫክ ብሎ ጻፈ፣ አለቀ። በዚያ ቤት የሚያድሩ አሥራ አንድ ወንዶች ነበሩ፤ አሥራ አንዱም እንደዚያው ኖቫክ ሆኑ። አንዱማ ፖላንዳዊ እንኳን አልነበረም።»

ሣራ በደስታ ጮኸች። «ሲ? ኖት ሪሌትድ!»

እኔ ግን እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፍኩ ጠየቅኩ። «እማማ፣ የሴቲቱ ስም ማን ነበር?»

«ብሮኒያ። ባሏ ያን።»

ወረቀቴ ላይ ከሁሉ በላይ ያን እና ብሮኒያ ተጽፎ ነበር። ቆጠርኩ። ከያን በአንድ በኩል ዩዜፍ፣ ስታሽ፣ በማር ምትኩ፣ ሣራ። በሌላው በኩል በሾርባ መጤው፣ ጆርጅ፣ ሮበርት፣ ኬቨን። አራትና አራት። ሣራ ፊቴን አየችው። ዝም ብዬ ወረቀቱን ብጠቀልል ማንም አያውቅም ነበር። ዝም በይ አልኩ ለራሴ። ግን በየዓመቱ ተማሪዎቼን «ያልተመቸህን አያት አትዝለል» የምል ሰው ነኝ።

«ቤቱ አንድ ነው» አልኩ። «ጋሽ ምትኩም መጤውም በያን ቤት የገቡ ልጆች ናቸው።»

ሣራ የኬቨንን እጅ ያዘች፤ ከዚያ ለቀቀችው፣ ከዚያ መልሳ ያዘችው። ጋሽ ምትኩ ሾርባቸው እስኪቀዘቅዝ አላንቀሳቀሱትም። መጨረሻ ላይ ቀና ብለው እማማ ዋንዳን አዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አማችዎ የያንን አውራ ጣት ጠብቷል?»

ኬቨን ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። «ምኑን?» አሉ እማማ ዋንዳ።

«ጣቱን። በማር።»

«ሾርባ ነው የጠጣው አልኩህ እኮ!»

«መሐላስ? ምሏል?»

«ተሳድቧል። ምላሱን አቃጥሎት።»

ጋሽ ምትኩ ማንኪያቸውን አነሱ። «ሾርባ አያዛምድም» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ዳኛ። «ሾርባ ሰብአዊነት ነው። ሾርባ ቢያዛምድ ኖሮ በሃቫና ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤት ከበላው ሰው ማን ማንን ያገባ ነበር? እኔ በማር የስታሽ ልጅ ነኝ። ያኛው ያረፈበትን ቤት ስም የያዘ እንግዳ ነው። እንግዳ ይዳራል። መምህርት፣ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሣራ አባቷን አንገታቸውን አንቃ ስትስም ሾርባው ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ተደፋ። ማንም ግድ አላለውም።

እማማ ዋንዳ የማሩ ነገር ከንክኗቸው ኖሮ ጠየቁ፤ ኬቨን ሁሉንም ነገራቸው፤ ስታሽን፣ የሞተውን ልጅ፣ ፖስተኛውን። እሳቸው ስታሽን በሩቁ ያውቁት ነበር። አዳመጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አርባ ዓመት አንድ ከተማ ኖረን፣ አንተን የሚያህል ልጅ ሳላውቅ!» አሉ። ከዚያ ማንም ሳያስብ ድቡን ገልብጠው፣ አውራ ጣታቸውን በማር ሞልተው ወደ ጋሽ ምትኩ አፍ ዘረጉት።

ሦስታችን በአንድ ድምፅ ጮኽን። እሳቸው የጡት እናት ከሆኑ ጋሽ ምትኩ የሮበርት ወንድም ሊሆኑ ነው፤ ሣራና ኬቨን የወንድማማች ልጆች! «ቆጠራው ይፈርሳል!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። ኬቨን ጠርሙሱን ነጠቀ። ሣራ ወንበር ገለበጠች።

ጋሽ ምትኩ ግን አልጮኹም። ያችን ማር የምታንጠባጥብ ጣት አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ሶፍት አንስተው፣ በእርጋታ፣ ጠረጉላቸው።

«እማማ» አሉ፣ «እስከ እሑድ ይቆዩልኝ።»

እሑድ

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የነበረውን ለማሳጠር፦ ካርዱ ታተመ፤ በርበሬዬ ለድግሱ ዋለ፤ ሃቫና ስትሪት ጨርቅ ስንገዛ መኪናውን ያቆምንበት ጠፍቶን አንድ ሰዓት በፀሐይ ዞርን። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ጠፍቶበት የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ሣራና ኬቨን ከቅዳሴ በኋላ ተክሊል ደፉ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ሐበሻ፣ ግማሹ ኖቫክ ነበር። የቺካጎው ጥርስ ሐኪም ካርዱን ይዞ መጣ፤ ከሙሽሪት ወገን ተቀመጠ።

ኬኩ ተቆርጦ እንዳበቃ ጋሽ ምትኩ የማር ድብ በኮታቸው ሥር ይዘው ወደ እማማ ዋንዳ ወንበር ሄዱ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው በአቅራቢያው የተገኘው ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ስኳርን በሚመለከት ያለውን ተቃውሞ ቢያሰማም ቆመ። ጋሽ ምትኩ ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ተሰማ። እማማ ዋንዳ ማር የተቀባ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

«ይሄ አያቃጥልም» አሏቸው።

ሣራ ከመድረኩ አይታ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። «ዳዲ! ዌይት! እንግዲህ እኔና ኬቨን…»

ጋሽ ምትኩ ጣቲቱን ከአፋቸው አውጥተው፣ ጢማቸው ላይ ማር እንደተንጠለጠለ ዞሩ።

«ዝም በይ» አሏት። «አንቺ ተድረሻል።»